ሃይማኖት ያጸናል ወይስ ይለውጣል? በሶሺዮሎጂ ዙሪያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዓመቶቹና አብረዋቸው የተጻፉት ወሮችና ቀኖች «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ሁለቱንም ነው» ብዬ ብመልስ ያስኬዳል?

ስሕተት የለበትም፤ ግን ብዙም አይጠቅምም። ፈታኝም ሆነ አንባቢ ማወቅ የሚፈልገው መቼ እንደሚያጸና፣ መቼ እንደሚያናውጥ ነው። ያው መጽሐፍ፣ ያው ጸሎት፣ አንዳንዴም ያው ሰባኪ በአንድ ዘመን ዙፋን ሲደግፍ በሌላው ዘመን ሲገለብጥ ይታያል። ስለዚህ መልሱን በትምህርተ ሃይማኖቱ ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል።

በዚህ ገጽ ላይ ሦስት ጥያቄዎች እየተመላለሱ ይመጣሉ፦ አገልጋዩን ማን ያበላዋል? ማን ይሾመዋል? የአዳራሹ ቁልፍ በማን እጅ ነው? ሁሉንም ነገር አያስረዱም። የማያስረዱት ሲገጥም እዚያው እንናገራለን።

ዱርካይም «ሃይማኖት ያረጋጋል» ብሏል?

እንዲያ በአጭሩ አላለም። ፈረንሳዊው ሶሺዮሎጂስት ኤሚል ዱርካይም በ1912 ያሳተመው ጥናት የሚነሣው ከአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች፣ በተለይም ከአሩንታዎች ነው። ሕዝቡ አብዛኛውን ጊዜ በትንንሽ ቡድን ተበታትኖ ምግብ ይለቅማል፣ ያድናል፤ ወቅቱ ሲደርስ ተሰብስቦ ሥርዓት ይፈጽማል። በዚያ ስብስብ የሚቀጣጠለውን የጋራ ስሜት ሰዎቹ ከውጭ የመጣ ኃይል አድርገው ይቆጥሩታል። ቅዱስ ብለው የሚያከብሩት ምልክትም በዱርካይም ዓይን የራሱ የማኅበረሰቡ ምልክት ነው። እምነቱ እውነት ነው ወይስ ሐሰት የሚለው አያስጨንቀውም። የሚያስጨንቀው ሰው በየጊዜው ተሰብስቦ አንድነቱን ማደሱ ነው።

ጥምቀትን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሲወርዱ ሰፈሩም አብሮ ይወርዳል፤ ዓመት ሙሉ ያልተያዩ ሰዎች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ይዘምራሉ።

ንድፈ ሐሳቡ የሚያነክሰው አንድ ከተማ ውስጥ ከአንድ በላይ ሃይማኖት ሲኖር ነው። ሥርዓቱ ውስጡን ባጠበቀ ቁጥር አጥሩንም ያጠብቃል፤ የአንዱ በዓል ለሌላው የተዘጋ መንገድና ድምፅ ማጉያ ብቻ ሊሆን ይችላል። የተማሪ ወረቀት ላይ በብዛት የሚታየው ስሕተት ግን ሌላ ነው፦ «ሃይማኖቱ እስከ ዛሬ አለ፤ ስለዚህ ለማኅበረሰቡ ይጠቅማል፤ ስለሚጠቅምም አለ» የሚል ክብ ዙሪያ ክርክር። ከዚህ ለመውጣት ሃይማኖቱ ሳይነካ ማኅበረሰቡ የተሰነጠቀበትን ጉዳይ ፈልጎ ማነጻጸር ያስፈልጋል።

ማሊኖቭስኪ ለምን አብሮ ይጠቀሳል?

አንትሮፖሎጂስቱ ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ ከዱርካይም ጋር ስለማይስማማ ነው። ባጠናቸው የፓስፊክ ትሮብሪያንድ ደሴቶች ላይ ዓሣ አጥማጆቹ በረጋው ሐይቅ መሰል ውኃ ሲያጠምዱ አስማት አይጠቀሙም፤ አደጋውም ትንሽ፣ ምርቱም የታወቀ ነውና። ወደ ክፍት ባሕር ሲወጡ ግን ሥርዓቱ ብዙ ነው። ስለዚህ ሥርዓት የሚበዛው ሰው የሚሰጋበት ቦታ ነው፤ ልቅሶም እንዲሁ። ይህ የሚያጸናው ግለሰቡን እንጂ የግድ መላውን ሕዝብ አይደለም።

ማርክስ «ኦፒየም» ሲል ሃይማኖትን መስደቡ ነበር?

ሙሉ በሙሉ አይደለም። «ሃይማኖት የሕዝብ ኦፒየም ነው» የሚለው ቃሉ የሚገኘው በ1844 በታተመ አጭር ጽሑፉ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ኦፒየም በአውሮፓ በየመድኃኒት ቤቱ በግልጽ የሚሸጥ የሕመም ማስታገሻ ነበር። እዚያው አንቀጽ ላይ ማርክስ ሃይማኖት የተጨቆነ ፍጡር «እህህ» የሚልበት፣ እውነተኛውን መከራም የሚቃወምበት መንገድ መሆኑን ጽፏል። ሐሳቡ ሲጠቃለል፦ ሕመሙ እውነት ነው፤ መድኃኒቱም ሕመሙን ያስታግሳል፤ ቁስሉ ግን ውስጥ ውስጡን ያመረቅዛል።

ለዚህ አመለካከት ከቀረቡት ማስረጃዎች ሁሉ የሚከብደው በ1807 ለንደን ላይ የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ ነው። በብሪታንያ የካሪቢያን ቅኝ ግዛቶች ለነበሩ ባሪያዎች ተመርጦ የተዘጋጀ ሲሆን፣ እስራኤል ከግብፅ ባርነት የወጣችበት ታሪክ ተቆርጦ ወጥቷል። ለጌታ መታዘዝን የሚያዝዙት ጥቅሶች ግን አልተነኩም። አሳታሚዎቹ የትኛው ገጽ እንደሚያደነዝዝ፣ የትኛው እንደሚያነቃ ጠንቅቀው ያውቁ ነበር ማለት ነው።

የማርክስ ክርክር የሚጎድለውም እዚሁ ካሪቢያን ላይ ይታያል። ጃማይካ ውስጥ ሳም ሻርፕ የተባለ ባሪያ የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ዲያቆን ነበር። በጸሎት ስብሰባዎች አማካይነት ከገና በኋላ ያለ ክፍያ ወደ ሸንኮራ ማሳው ላለመመለስ ቃል የሚያስገባ መረብ ዘረጋ። በታኅሣሥ 1831 መጨረሻ አድማው ወደ ዐመፅ ተለወጠ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ባሪያዎች ተሳተፉ። ሻርፕ በግንቦት 1832 ተሰቀለ፤ የብሪታንያ ፓርላማ ባርነትን የሚያስቀር ሕግ ያወጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። ባርነትን ያስቀረው ሻርፕ ብቻውን ነው ማለት አይቻልም፤ የጸሎቱ ስብሰባ ግን ለባሪያዎች ከተፈቀዱት ጥቂት መሰባሰቢያዎች አንዱ እንደነበረ ልብ ይሏል።

የበዓላት ብዛት ለድህነታችን ምክንያት ነው የሚለው ክርክር የቬበር ነው?

አይደለም፤ ግን ብዙ ጊዜ በስሙ ይቀርባል። ጀርመናዊው ሶሺዮሎጂስት ማክስ ቬበር በ1904 እና 1905 ያቀረበው ክርክር ስለ ቀን ቁጥር አይደለም። ካልቪናውያን የሚባሉት ፕሮቴስታንቶች እግዚአብሔር የሚድኑትን አስቀድሞ መርጧል ብለው ያምናሉ፤ ማን እንደተመረጠ ግን ማንም አያውቅም። ይህ ጭንቀት ሰውን ወደ ሥራ ይገፋዋል፤ የሥራው መቃናት የመመረጥ ምልክት ተደርጎ ይወሰዳል። ትርፉን በድግስና በጌጥ መጨረስ ደግሞ ነውር ነው። ሠርቶ የማይበላ ሰው ያለው ምርጫ መልሶ መነገድ ነው። ከዚህ የወጣው ልማድ ከካፒታሊዝም ጋር ተጣጣመ እንጂ ሃይማኖቱ ካፒታሊዝምን ፈለሰፈ አላለም። ብቸኛ ምክንያት ነው የሚለውንም ራሱ ተቃውሟል።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ በወሩ 12፣ 19፣ 21፣ 23፣ 27፣ 29 እያሉ መቁጠር ብቻውን የትም አያደርስም። በብዙ ገጠር በበዓል ቀን የሚከለከለው ማረስ፣ ማጨድና መፍጨትን የመሰለ ሥራ ነው፤ ከብት መጠበቅ፣ አጥር ማጠር፣ ገበያ መሄድ፣ ሽምግልና መቀመጥ እንደየአካባቢው ይፈቀዳል። ስለዚህ ክርክሩን በቁም ነገር ማንሣት የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ በዚያ ቀበሌ የትኛው ሥራ እንደሚከለከል ይመዝግብ። ቀጥሎ መሬቱ የማን እንደሆነ፣ በሬ ያለውና የሌለው ስንት እንደሆነ፣ ዝናቡ መቼ እንደገባ ይለይ። አንድ በሬ ያለው ገበሬ በዓሉ ቢቀርም ጥማዱን እስኪያገኝ ጎረቤቱን መጠበቁ አይቀርም።

ወግ አጥባቂ ሃይማኖት እንዴት አብዮት ያመጣል?

«ወግ አጥባቂ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ያለው እንዳይነካ መፈለግ ነው። ሁለተኛው የጥንቱ እንዲመለስ መፈለግ ነው፤ ይህ ደግሞ ያለውን ማፍረስ ይጠይቃል።

ኢራን ለሁለተኛው ግልጽ ምሳሌ ናት። በጥር 1978 የንጉሡ የሻሁ ተቃዋሚ የነበረውን የሺዓ ሊቅ ኾሜይኒን የሚያንቋሽሽ ጽሑፍ በጋዜጣ ወጣ፤ ቁም በምትባለው የሃይማኖት ትምህርት ከተማ ተቃዋሚዎች ተገደሉ። በሺዓ ልማድ የሟች አርባኛ ቀን ይታሰባል፤ እኛ አገር አርባ ተዝካር እንደሚወጣው ማለት ነው። በየካቲት አርባው ሲታሰብ ታብሪዝ ላይ ሌሎች ተገደሉ፤ ለእነሱም አርባ ቀን ተቆጠረ፤ በመጋቢት መጨረሻ ያዝድና ሌሎች ከተሞች ተነሡ። ጥሪ የሚያስተላልፍ ፓርቲ አላስፈለገም፤ ቀኑን ሥርዓቱ ራሱ ይቀጥር ነበር። መንግሥትም ልቅሶ መከልከል ከበደው፤ ሲሞክርም ሌላ አስከሬንና ሌላ አርባ ቀን ተጨመረ።

ገንዘቡም እንዲሁ መታየት አለበት። የሺዓ ሊቃውንት ኹምስ የተባለውን ሃይማኖታዊ ክፍያ በቀጥታ ከምእመናን፣ በተለይም ከባዛር ነጋዴዎች ይቀበላሉ። ግብፅ ውስጥ ግን የ1961ዱ ሕግ ታላቁን የእስልምና ትምህርት ተቋም አል አዝሃርን ከመንግሥት መዋቅር ጋር አጥብቆ አሰረው። የቁሙ ሊቅ ሻሁን ሲቃወም እንጀራው አልተቋረጠም።

በ1979 ሻሁ ከወደቀ በኋላ ያው የሃይማኖት መዋቅር ራሱ መንግሥት ሆነ፤ እጩ የሚያጣራ፣ ሕግ የሚያግድ። ለዚህ ነው አንድን ሃይማኖት «አብዮታዊ» ብሎ ለዘለዓለም መፈረጅ የማይቻለው።

ሞንትጎመሪ ላይ ቤተ ክርስቲያን በተግባር ምን አደረገች?

በአሜሪካዋ ሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች በአውቶቡስ ላለመሳፈር ያደረጉት አድማ ታሪክ ብዙ ጊዜ በንግግር ጥበብ ብቻ ይተረካል። ሥራው ግን የትራንስፖርት ሥራ ነበር። ሮዛ ፓርክስ በአውቶቡስ ወንበሯን ለነጭ አለቅም ብላ ታኅሣሥ 1 ቀን 1955 ታሰረች፤ አድማው ታኅሣሥ 5 ተጀመረ፤ የዚያኑ ምሽት ሕዝቡ በሆልት ስትሪት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ተሰበሰበ። ከዚያ ወዲያ 381 ቀን በእግርና በመኪና ተሄደ። ወደ 300 የሚጠጉ የግል መኪኖች በቀጠሮ ሰው ያመላልሱ ነበር። በኋላ በቤተ ክርስቲያናቱ ስም የተመዘገቡ መኪኖች ተጨመሩ፤ ሕዝቡም «ተንቀሳቃሽ ቤተ ክርስቲያን» ይላቸው ነበር። ኢንሹራንስ ሲሰረዝባቸው በለንደኑ ሎይድስ በኩል አዲስ ገቡ። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚደረገው ስብሰባ መዝሙርና ስብከት ብቻ አልነበረም፤ የነዳጅ ገንዘብ የሚሰበሰብበት፣ የመነሻ ቦታ ለውጥ የሚነገርበት፣ ወሬ የሚጣራበትም ነበር።

ለምን ቤተ ክርስቲያን? አስተማሪው ከተቃወመ የነጮች ትምህርት ቦርድ ያባርረዋል። የቤት ሠራተኛዋን እመቤቷ ታሰናብታታለች። የጥቁር ባፕቲስት ፓስተር ደመወዝ ግን የሚወጣው ከምእመናኑ ኪስ ነው። አድማው ሲጀመር 26 ዓመቱ የነበረው ፓስተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ቤቱ በቦምብ ተመታ እንጂ ከሥራው የሚያባርረው ነጭ አሠሪ አልነበረውም። ሶሺዮሎጂስቱ አልደን ሞሪስ በ1984 ያጎላው ይህንኑ ነው፦ ነጻ ገንዘብ፣ ነጻ አዳራሽ፣ ነጻ መሪ።

ሌላውን ጎን መተው ግን ሐቀኝነት አይሆንም። ጋሪ ማርክስ (ከካርል ጋር ዝምድና የለውም) በ1967 ባወጣው ጥናት በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ሃይማኖተኝነት ሲጨምር የትግል ፍላጎት በአመዛኙ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከሃይማኖተኞቹም መካከል አሳባቸው በወዲያኛው ዓለም ላይ ያዘነበለው ከሌሎቹ ይልቅ ዝም ያሉ ነበሩ። የባፕቲስቶቹ ትልቁ ማኅበር ፕሬዚዳንትም የኪንግን መንገድ ተቃውመዋል፤ በ1961 የኪንግ ደጋፊዎች ወጥተው ሌላ ማኅበር አቋቋሙ። «የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን ታገለች» የሚለው ዐረፍተ ነገር ስለዚህ ሁልጊዜ «የትኛዋ?» የሚል ጥያቄ ይከተለዋል።

ግራምሺ ከማርክስ በምን ይለያል?

ጣሊያናዊው ማርክሲስት አንቶኒዮ ግራምሺ ገዥዎች የሚገዙት በጉልበት ብቻ ሳይሆን የተገዢውን ይሁንታ በማግኘት ጭምር ነው ይላል፤ ይህን ሄጌሞኒ ይለዋል። ይሁንታው ግን ሙሉ አይሆንም፤ ከሠራተኛው መካከል የወጡ አዋቂዎች ሌላ ትርጉም ሊያቀርቡ ይችላሉ።

ሶሺዮሎጂስቱ ድዋይት ቢሊንግስ በ1990 ይህን በሁለት የአሜሪካ ሠራተኞች ላይ ፈትኖታል፦ በ1920ዎቹና 30ዎቹ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎችና የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች። ሁለቱም ድኾች፣ ሁለቱም ወንጌላውያን ነበሩ። ቆፋሪዎቹ ታገሉ፤ የፋብሪካዎቹ ሠራተኞች በአመዛኙ ተቀመጡ። በፋብሪካዎቹ ከተማ የቤተ ክርስቲያኑን ሕንፃና የፓስተሩን ወጪ ባለፋብሪካው ይደግፍ ነበር። በማዕድኑ አካባቢ ግን ራሱ የከሰል ቆፋሪ የሆነ ሰባኪ የሠራተኛ ማኅበር አደራጅም ነበር። ሦስቱን ጥያቄዎች ከዚህ በላይ የሚያጠራ ንጽጽር ማግኘት ይቸግራል።

ኢትዮጵያ ውስጥስ?

የ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 የንጉሠ ነገሥቱን ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ያወርዳል። አንቀጽ 126 ደግሞ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በመንግሥት የምትደገፍ ይፋዊ ቤተ ክርስቲያን መሆኗን፣ የንጉሠ ነገሥቱም ስም በጸሎት ሁሉ እንደሚጠራ ይደነግጋል። የማጽናት ተግባር በሕግ አንቀጽ እንዲህ ተጽፎ የሚገኝበት ቦታ ብዙ አይደለም።

ከ18 ዓመት በኋላ ያው ቤት ከውስጥ ተሰነጠቀ። በ1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ካህናት ሳይቀሩ የደመወዝ ጥያቄ አነሡ። ሚያዝያ 12 ቀን ሙስሊሞች አዲስ አበባ ላይ ታላቅ ሰልፍ ወጡ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ሃይማኖትና መንግሥት እንዲለያዩ፣ በዓሎቻቸው እንዲከበሩ ጠየቁ። «በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች» መባሉ ቀርቶ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች» እንዲባሉም ፈለጉ።

ከዚያ የሆነው ለሶሺዮሎጂ ተማሪ ወርቅ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲወረስ የቤተ ክርስቲያኗ የመሬት ገቢ ቆመ። ቆይታ ያስነሣት ከሁለት ዓመት በፊት በ1965 ዓ.ም. በመተዳደሪያ ደንቧ በቃለ ዓዋዲው የተደነገገው ሰበካ ጉባኤ ነው። እጇን ከመሬት ወደ ምእመናን መዋጮ አዞረች። «ማን ያበላዋል?» የሚለው መልስ በአንድ ትውልድ ተለወጠ። «ማን ይሾመዋል?» የሚለው ግን ወደ ደርግ ዞረ፦ ፓትርያርክ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወረዱ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ዓመት ተገድለዋል።

በ2004 ዓ.ም. የጀመረው የሙስሊሞች የ«ድምፃችን ይሰማ» ንቅናቄም ዋና ጭብጡ ሹመት ነበር፤ የመጅሊስ ምርጫ በቀበሌ ሳይሆን በመስጊድ ይሁን የሚል። መሰባሰቢያውም የጁምዓ ሶላት ነበር።

አሁን ሦስቱ ጥያቄዎች የማያስረዱት። በ1921 ዓ.ም. አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ በአንድነት ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። ጣሊያን ሲገባ አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡን «ተገዛ» ለማለት እምቢ ብለው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ተገደሉ፤ አቡነ ሚካኤልም ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ግን በጣሊያን ዘመን የቤተ ክርስቲያኗ ራስ ሆኑ። ሹመታቸው አንድ፣ ማዕረጋቸው አንድ ነበር። እዚህ ላይ መዋቅር ዝም ይላል፤ የሰውየውን ሕሊና መመርመር ግድ ነው።

በውጭ አገር ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ላይም ይሠራል?

በጣም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ለሁለት ተከፍሎ በነበረበት ጊዜ፣ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ እስከታረቀ ድረስ፣ አሜሪካ ውስጥ ከሁለቱም ወገን ያልሆኑ «ገለልተኛ» የሚባሉ አጥቢያዎች ነበሩ። ሕንፃው በምእመናን ቦርድ ስም ከተመዘገበና የባንክ ብድሩን ቦርዱ ከከፈለ ካህኑ ተቀጣሪ ይሆናል፤ ጠቡም ብዙ ጊዜ ከቀኖና ይልቅ ስለ ቁልፍና ስለ ቼክ ፊርማ ነው። ጥናት የሚጀምር ሰው ከስብከቱ በፊት የመተዳደሪያ ደንቡን ቢያነብ ጊዜ ይቆጥባል።

የመመረቂያ ጥናት ለመሥራት ከየት ልጀምር?

ጥያቄውን አጥብበው። «ሃይማኖትና ለውጥ በኢትዮጵያ» አያልቅም፤ «በአንድ አጥቢያ የሰበካ ጉባኤ ምርጫ ውስጥ የወጣቶች ድርሻ» ያልቃል። ከትምህርት ክፍልህ ደብዳቤ ይዘህ መጀመሪያ ወደ አስተዳዳሪው ወይም ወደ መስጊዱ ኮሚቴ ሂድ፤ ከምእመናኑ የጀመረ ሰው በሁለተኛው ሳምንት «ማን ላከህ?» ይባላል።

ከዚያ ቢያንስ አራት ተከታታይ የሰንበት ወይም የጁምዓ ፕሮግራም፣ አንድ ዓመታዊ በዓልና አንድ የልቅሶ ሥርዓት ተመልከት። በዓል ብቻ ያየ ዱርካይምን ይዞ ይመለሳል፤ የሒሳብ ሪፖርት ስብሰባ ያየ ደግሞ ማርክስን። ማስታወሻውን እዚያው አትጻፍ፤ ግን ሳታድር ጻፈው። ድምፅ ለመቅዳት በእያንዳንዱ ጊዜ ፈቃድ ጠይቅ።

ከ12 እስከ 20 ሰው ማነጋገር ለመጀመሪያ ዲግሪ ይበቃል፤ ግማሾቹ ሥልጣን የሌላቸው ይሁኑ። ሴቶች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ፤ ምግቡን የሚያዘጋጁትና መዋጮውን የሚሰበስቡት እነሱ ሆነው ሳለ። «ሃይማኖትህ ለውጥ ይደግፋል?» ብለህ አትጠይቅ፤ ሁሉም ትክክለኛ የመሰለውን መልስ ይሰጥሃል። «ባለፈው ጊዜ በአጥቢያው ጠብ ሲነሣ ማን አስታረቀ? ገንዘቡን ማን ቆጠረ? ማን ተቀየመ?» በል። የጾም ወቅት ላይ ረጅም ቃለ መጠይቅ ከሰዓት በኋላ አትያዝ፤ መልሱ ያጥራል።

ሰው ከሃይማኖት ቤት እየራቀ ባለበት አገር ይህ ክርክር ምን ይረባል?

ላይፕዚግን ማየት ነው። በምሥራቅ ጀርመን ቤተ ክርስቲያን አዘውትሮ የሚሄደው ጥቂት ሰው ነበር። ቢሆንም የኒኮላይ ቤተ ክርስቲያን የሰኞ ጸሎት ከመንግሥት ቁጥጥር በከፊል ነጻ የሆነ አዳራሽ ሆኖ ቆየ። ጥቅምት 9 ቀን 1989 ወደ 70 ሺህ ሰው ከዚያ አካባቢ ተነሥቶ መንግሥትን እየተቃወመ በከተማዋ ዞረ፤ አብዛኛው ለመጸለይ የመጣ አልነበረም።